በጉልበቴ ራጅ ያተምኳቸው ካናቴራዎች

ላሊበላ ከድንጋይ ተፈልፍላ ከወጣች ወዲህ በዚህች ከተማ እንደ እኔ ያለ ባለ እጅ አልተፈጠረም። ምስክር ከጠየቃችሁኝ አንድ ሰው አለኝ፤ እሱም እኔው ነኝ። ባለቤቴ እንኳ፣ ሠላሳ ካናቴራ እቤታችን አትሜ አስረክባለሁ ስላት፣ ዞር ብላ ያየችው ዓምና የሠራሁትን ባለ ሦስት እግር ወንበር ነው። ስሠራው አራት እግር ነበረው።

ካናቴራው የተፈለገው ለገና ነው። ምእመናን ለልደት ከየአገሩ በእግራቸው ሲመጡ የከተማው ሰው መንገድ ዳር ተቀብሎ እግራቸውን ያጥባል፤ ከዚያ ወደየሰፈሩ ወስዶ ያበላል። የኛ ሰፈር የድግስ ኃላፊ ባለቤቴ ናት። ዓምና እግራቸውን ያጠብናቸው እንግዶች በሰው ጎርፍ መሐል ተበታትነው ሌላ ሰፈር ገቡ። ያ ሁሉ ሽሮና ምስር በላተኛ አጥቶ ቀረ። እኛው ስንበላው ሰነበትን፤ እኔማ እስከ ጥምቀት ላቤ ሳይቀር ምስር ምስር ይሸት ነበር። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። በሰፈሩ ሰው ፊት ቆማ፣ "የመጪው ዓመት ድግስም እንግዳ ካጣ ጭልፋውን ለሌላ ሴት አስረክባለሁ" አለች። እሷ ደግሞ አንዴ የተናገረችውን አታጥፍም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንግዳው አስተናጋጁን ከሩቅ እንዲለይ ሁላችንም አንድ ዓይነት ካናቴራ እንልበስ ተባለ። ከአዲስ አበባ ይታዘዝ ያሉ ነበሩ። "እኔ ቁጭ ብዬ?" አልኩ። ባለቤቴ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሺ፣ እሱ ይሥራው" አለች።

ሙያውን የቀሰምኩት ስልኬ ላይ ካየሁት ቪዲዮ ነው። ፊደሉን ጠንካራ ላስቲክ ላይ በምላጭ ቀርጾ ማውጣት፣ ላስቲኩን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ በቀዳዳው በኩል ቀለም መምታት፤ በቃ። ጠንካራ ላስቲክ ስፈልግ የጉልበቴን ራጅ አገኘሁ። ሐኪሙ "ጉልበትዎን አያስጨንቁት" ብሎ የሰጠኝ ነው። አጥንቴ ላይ "እንግዳችን ነዎት" ብዬ ቀረጽኩበት። የ"ዎ" ዓይኖች ሁለት ጊዜ ወልቀው ወደቁብኝ፤ በቀጭን ድልድይ አስይዤ አዳንኳቸው። ከሥሩ የእግር ማጠቢያ ማንቆርቆሪያ ሣልኩ። ቀይ የጨርቅ ቀለም ወልዲያ በሚመላለስ ሾፌር አስመጣሁ። መምቻ ስፖንጅ ከፍራሻችን ቆረጥኩ፤ በእኔ በኩል ካለው ነው፣ ሰው ነኝ።

ሠላሳውም ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ የንስሐ አባታችን መጡ። አንዱን በመቋሚያቸው ገለጥ አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ጾሙ ሳይፈታ ይህችን ዶሮ ምን አመጣት?"

"አባ፣ ማንቆርቆሪያ ናት እኮ።"

"ማንቆርቆሪያ ዓይን አላት እንዴ?"

"እጀታዋ የሚያያዝበት ነው፣ አባ።"

"መልካም" አሉ። "እንቁላል ከጣለች ብቻ ላክልኝ።"

ቀኑ ደረሰ። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል በሚመጣው መንገድ ዳር ሠላሳችን ካናቴራችንን ሹራብ ላይ ደርበን ተሰለፍን። ከሩቅ ሲያዩን የሰው ሳይሆን የቄብ ዶሮ ሰልፍ መስለን ይሆናል፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እንግዶቹ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ለእኔ የደረሱኝ ከዋግ በኩል ስንት ቀን ተጉዘው የመጡ አሮጊት ነበሩ። ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ጮኸ። እግራቸውን አጠብኩ፤ እንደ ደንቡም ልስም ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ቀና ስል እርጥቡ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል። አውራ ጣታቸው ላይ ግማሽ ዶሮ ታትማለች።

"ወይኔ ልጄ፣ ደማሁ!"

"ደም አይደለም እማማ፣ ቀለም ነው።"

"ከማን የወጣ?"

"ከእኔ።"

"ምነው፣ ሲነኩህ ትለቃለህ?"

ግራና ቀኝ ብመለከት ሠላሳውም ካናቴራ ይለቃል። ሳፋው ሁሉ ቀይ ሥር የተቀቀለበት መስሏል። ደረታችን ላይ የቀረው ሮዝ ጭጋግ ብቻ ነው፤ ጽሑፍም የለ፣ ዶሮም የለች። ባለቤቴ አየችኝ። ያ አስተያየት ሌላ አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይፈለፍላል።

ይኸኔ ሕዝቡ እንደ ዓምናው መደባለቅ ጀመረ። እጥበቱ ያለቀላቸው እንግዶቻችን በሰው ባሕር ውስጥ ሊሰጥሙ ነው። ባለቤቴ ወዲያ ወዲህ አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ድንገት ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋይ ላይ ወጣች።

"እግራችሁ የቀላ በሙሉ! የእኛ እንግዶች ናችሁ! ወደዚህ!"

ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን ማየት ያዘ። ከዚያ ሳቁ ተነሣ። ከየአቅጣጫው ቀያይ እግሮች ተለቃቅመው ወጡ፤ አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ከፊት ይመራሉ። አንድ ጎልማሳ መንገደኛ፣ እግሩ ንጹሕ ነው፣ "እኔንም አንድ ጊዜ አትመኝ፣ ርቦኛል" ብሎ ጫማውን አውልቆ እግሩን ደረቴ ላይ አሳረፈው። አተምኩት።

አንድም እንግዳ አልጠፋብንም። ድስቱ እስኪፋቅ ተበላ። ባለቤቴ በዚያ ጭልፋ እየጠቆመች "እዚያ ጋ ጨምሩ፣ እዚህ ጋ አልደረሰም" ስትል ድምፅዋ ሙሽራ ሳለች የነበረውን መሰለኝ። አሮጊቷ እግራቸውን ዘርግተው ለጎረቤታቸው ግማሿን ዶሮ ያሳያሉ።

እንግዶቹ ጠግበው ጋደም ሲሉ ባለቤቴ ሮዝ ካናቴራዬን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንተ ሰው፣ ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ከደረቀ በኋላ አንዱን አጥባችሁ ሞክሩ አላለም?"

"ብሏል።"

"ታዲያ?"

ውሃ ጠፍቶ ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግቢያችን ውስጥ ሁለት በርሜል ሙሉ ውሃ ነበር። እውነቱን ነገርኳት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ በገዛ እጄ አንዲት ልብስ አጥቤ አላውቅም። ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ አላውቅም፤ እሷን መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።