ከግሩፑ የተባረረችው ሾፌር

ሾፌሯ መሪ ከመጨበጧ በፊት ለዓመታት በዚያው መሥሪያ ቤት አውቶቡሶች ላይ ቲኬት ቆርጣለች። የሰውን ክርንና የሰውን ምላስ ችላ፣ በእረፍቷ መንጃ ፈቃድ ተምራ ነው ከኋላው በር ወደ ፊተኛው ወንበር የተሻገረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናቷና ከልጇ ጋር ትኖራለች። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ እሷ ግን «ካልነኩኝ አልቆርጥም» ባይ ናት።

ሾፌር ሆና በተመደበች ሳምንት፣ የስምሪት ክፍሏ ሴትዮ ሾፌሮቹ በስልክ የሚወያዩበት ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። የግሩፑ አድሚን አንድ አንጋፋ ሾፌር ነው። ጨዋታ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ስለሚል «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። አዲስ ገቢ ያነባል እንጂ አይጽፍም የሚል ሕግ ነበረው። ሾፌሯ ይህን አላወቀችም። ብታውቅም የምትተወው አይመስለኝም።

በማግስቱ ጻፈች፦ «ጤና ይስጥልኝ። የገበያው ማቆሚያ መታጠፊያው ላይ በመሆኑ፣ ሰው ሲወርድ ከኋላ ለሚመጣ መኪና አይታይም። ወደ ላይ እንዲወጣ ለምን አንጠይቅም?»

ጋሽ ፍሬን ወዲያው መለሰ፦ «ገና እንኳን ደህና መጣሽ ሳንልሽ ልታዢን? እስቲ መጀመሪያ የመኪናውን መስታወት ኩል መኳያ ማድረጉን ተዪ።»

የሳቅ ምልክት እንደ በረዶ ወረደባት። ተሳፋሪ እስኪሞላ ቆማ ነበር ያነበበችው፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ከዚያም ጻፈች፦ «መስታወቱ ከኋላዬ የሚመጣውን ማያ ነው። አሁን እርስዎን እያየሁበት ነው።»

ግሩፑ ተተራመሰ። ግማሹ «አፏን አበዛች» ሲል ግማሹ «ምን አጠፋች?» አለ። ጋሽ ፍሬን አስወጣት። የስምሪቷ ሴትዮ መልሳ አስገባቻት። እንደገና አስወጣት።

እናቷ የሆነውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ በባዳ ቢቆጡ በጨለማ ቢያፈጡ ነው። ፊቱን እንኳ የማታውቂው ሰውዬ ምን ያንጨረጭርሻል? ተዪው፣ ዝም አይነቅዝም።»

«እማዬ፣ እኔ ዝም ስል ነው የምነቅዘው። ችግሩ ጨለማው ከሆነ ደግሞ በብርሃን አገኘዋለሁ።»

ፈረቃዋን ቀይራ በምሳ ሰዓት ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄደች። የስምሪቷ ሴትዮ እንደነገረቻት፣ ጋሽ ፍሬን ከጓደኞቹ ጋር ጥጉን ይዞ ሻይ ይጠጣል። አጭር፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ያስወጡኝ ሴት እኔ ነኝ። የጻፉልኝን እዚህ፣ ፊቴን እያዩ ያንብቡልኝ።» ስልኳን ዘረጋችለት።

«ቀልድ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«እህቴ ካሉኝ ጥሩ። ለእህትዎ ያንብቡላት።»

ጋሽ ፍሬን ስልኩን ተቀብሎ ጀመረ፦ «ገና እንኳን ደህና መጣሽ ሳንልሽ…» ኩሉ ጋ ሲደርስ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «መነጽሬን ረስቼ ነው» አለ።

«ግንባርዎ ላይ ነው ጋሼ።»

ክበቡ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስልኳን ከእጁ ተቀበለች። ጋሽ ፍሬን ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የስምሪቷ ሴትዮ እንደገና አስገባቻት። ሁሉም ጠበቀ። ጋሽ ፍሬን አላስወጣትም። ይልቅ «ማቆሚያው ወደ ላይ ከወጣ ዳገቱ ላይ መኪና ማስነሳት መከራ ነው፤ መውረድ ነው ያለበት» ብሎ ጻፈ። እሷም ተከራከረች። ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ ሌሎቹም ገቡበት፣ ጽፈው የማያውቁት ሁሉ ሳይቀሩ። በመጨረሻ ጉዳዩን ለኃላፊው እንዲያስረዱ ሁለቱን ላኳቸው። በኮሪደሩ ላይ እየተጨቃጨቁ ሄዱ።

«ለመሆኑ ተስማምታችሁ ነው የመጣችሁት?» አለ ኃላፊው።

«ማቆሚያው ከመታጠፊያው መነሳቱ ላይ ተስማምተናል። የት ይሁን በሚለው ግን አልተስማማንም» አለች።

«በጭራሽ!» አለ ጋሽ ፍሬን።

ማቆሚያው ወደ ታች ወረደ። ሾፌሯ ጥቂት ቀን አይታ፣ ሁሉም በሚያነብበት ግሩፕ ላይ «ጋሽ ፍሬን ልክ ነበሩ» ብላ ጻፈች። እሱ ግን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልረሳችለትም። ክበብ ሲገናኙ ሰላምታው አጭር ነው።

«ታረቃችሁ ወይ?» አለቻት እናቷ አንድ ቀን።

«አልታረቅንም እማዬ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። «ቆይ፣ አውቶቡስ ማጠቢያውን በተመለከተ አንድ የማይረባ ነገር ጽፏል፤ ልመልስለት።»