ሰው ሲበላ ማየት

ጽሑፌ ተመረጠ! ሰኞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በተማሪው ሁሉ ፊት አነበዋለሁ። የጻፍኩት «ግሮክ» ስለሚባል የተረሳ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ድሮ ልጅም ሆነ ውሻ፣ ሰው ሲበላ ዝም ብሎ እያየ «እንካ» እስኪባል ሲጠብቅ እንዲያ ይሉት ነበር።

ቃሉን ሳገኘው የአዲስ ቅዳም ገበያ ትኩስ ድንች ሸተተኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪዋ እናቴ እዚያ ጀበና ስትሸጥ፣ እኔ አንዲት ሴት ለልጇ ድንች ስትልጥ ፈዝዤ አየሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ድንቹ ላይ ጣል አደረገች።

«ዞር በል አንተ! ይቺ የቡዳ ልጅ በዓይኗ ትበላሃለች!»

እኔ የፈለግሁት ድንቹን ነበር። እናቴ ሴትዮዋን ትታ እኔን በጥፊ አለችኝ።

«ሰው ሲበላ መሬት መሬቱን እይ አላልኩሽም?»

መሬት እያየሁ አደግሁ። ያ ልጅ አሁን እኛው ትምህርት ቤት ይማራል። ሰኞ ሁላችሁም ኑ፤ ዓይን ዓይኔን እያያችሁ ስሙኝ።