እናቴ ፈንዲሻ የሸጠችበት ሜዳ

ወንድሜ የደወለልኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከእናታችን አፓርትመንት ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። ሐኪም ጋ የሚወስዳትም እሱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራኝ ደግ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

"ዛሬ የእማዬ ዶክተር ጋ ነበርን" አለኝ። "ስለ ድሮ ኑሮዋ ሲጠይቃት ምን አለችው መሰለሽ? አሜሪካ መጥቼ መጀመሪያ የሠራሁት ሲኒማ ነው አለችው። ያውም ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሜዳ ላይ ፊልም የሚያይበት።"

"እና?"

"እናማ እንዲህ ያለ ነገር የለም! እማዬ አስተማሪ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ እኛን ስታሳድግ ነበር። የሆነ ቦታ ያየችውን ከራሷ ኑሮ ጋር እየቀላቀለችው ነው።"

ወንድሜ እንዲህ የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትንሽ ቀደም ብሎ እናቴ ድስት ምድጃ ላይ ረስታ የሕንፃው አላርም ጮኾ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ እያንዳንዷን ቃሏን እንደ ምርመራ ውጤት ነው የሚሰማው። ብቻዋን መኖሯ ይብቃ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቦታ እንፈልግ ማለት ጀምሯል። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ፍርሃቱ ግን ሁልጊዜ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ነዳሁ። ሶፋዋ ላይ ኩርፍ ብላ ተቀምጣለች።

"ወንድምሽ ሐኪም ፊት ውሸታም አደረገኝ" አለች።

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?"

"አባታችሁ አይወድም ነበር። እሱ የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ የመጣ ተማሪ ነው፤ 'ሚስቱ ለፈረንጅ ፈንዲሻ ትሸጣለች' እንዲባል አልፈለገም። ለማንም አላወራም ብዬ ቃል ሰጠሁት። አሁን እሱም አረፈ፤ ቃሉም አብሮት አርፏል ብዬ ነው የተናገርኩት።"

"የት ነበር ሲኒማው?"

"ሩት ዋን አውራ ጎዳና ላይ።"

እናቴ አይኔን እያየች ስትናገር ውሸትም መርሳትም አይመስልም ነበር። እፈልገዋለሁ አልኳት። "አብረን ነዋ የምንፈልገው" አለችኝ።

ላይብረሪ ሄጄ ስጠይቅ የገረመኝ፣ በመኪና የሚታይ ሲኒማ በዚህ አካባቢ ብርቅ አለመሆኑ ነው። ላይብረሪያኗ ከአውሮፕላን የተነሡ የድሮ ፎቶዎችን አወጣችልኝ። ከላይ ሲታይ ሜዳው የተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ስክሪኑ ቆሟል፣ ከፊቱ ግማሽ ክብ እየሠሩ የተደረደሩ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ የአፈር ጉብታዎች ናቸው። መኪናው የፊት ጎማውን ጉብታው ላይ አውጥቶ ሲቆም አፍንጫው ቀና ስለሚል፣ ኋላ ያለው ሰው ከፊት ባለው መኪና ጣራ ላይ አሻግሮ ያያል ማለት ነው። ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ከተማው ሲሰፋ የመሬቱ ዋጋ ከፊልሙ ገቢ በለጠና አንዱ ሱፐርማርኬት፣ አንዱ የተያያዙ መኖሪያ ቤቶች፣ ሌላው የዕቃ ማስቀመጫ ስቶሬጅ ሆነ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ ሩት ዋን ዳር ወዳለው ቦታ ወሰድኳት። ትልቅ የገበያ ማዕከል ነው፤ ሰው ጋሪውን እየገፋ ይገባል ይወጣል። ከመኪና ወርዳ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ዙሪያውን አየች።

"አይደለም" አለች።

"እማዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ ሲኒማ እንደነበር በግልጽ ይታያል።"

"ነበር ይሆናላ! የእኔ ግን አይደለም። የእኔ ዳገት ነበረው። ከጀርባው ጅረት ነበር፤ በሰመር የእንቁራሪቱ ጩኸት ከፊልሙ ድምፅ ይበልጥ ነበር።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ሄድን። ስቶሬጅ ሆኗል። እሷ ከመኪናው እንኳ አልወረደችም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችና መልሳ ዘጋችው። አይደለም።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ "አየሽ?" አለኝ። "የተገኘውንም አይደለም ትላለች። አታድክሚያት፣ አንቺም አትድከሚ።" እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም ልቤ ወረደ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። እናቴ ደግሞ እንደጠረጠርኳት ገብቷት ኖሮ፣ ስለ ሲኒማው ማንሣት ተወች።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅነው አቅጣጫ ነው። ዊክኤንዱን እኔ ጋ ልታድር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዣት እየመጣሁ፣ ግሪንቤልት የምትኖር ጓደኛዋን ጠይቀን ስንመለስ እዚያው ሜሪላንድ ባለው በላንግሊ ፓርክ አለፍን። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ያ! ያ ቀይ ጡብ ሕንፃ! ከአባታችሁ ጋ እዚህ ነበር እኮ የምንኖረው። ከዚህ ነው አውቶቡስ ይዤ ሥራ የምሄደው።"

"የትኛው ሥራ?"

"ሲኒማው ነዋ!"

መብራቱ ሲለቀኝ የመጀመሪያው ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። "እማዬ፣ ከላንግሊ ፓርክ አሌክሳንድሪያ ድረስ በአውቶቡስ ትሄጂ ነበር?"

"አሌክሳንድሪያ ማን አለሽ? እኔ ሩት ዋን አልኩሽ እንጂ!"

ሩት ዋን ከደቡብ በቨርጂኒያ በኩል መጥቶ፣ ዋሽንግተንን አቋርጦ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በኮሌጅ ፓርክ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ መንገድ ነው። ሁላችንም እናቴን የምናስባት ዛሬ በምትኖርበት ከተማ ስለሆነ፣ ሌላኛውን ጫፍ ያሰበ አልነበረም። ሳቄ መጣ፤ እሷም ትንሽ ተኮሳትራ ቆየችና እንባችን እስኪመጣ አብረን ሳቅን።

የሜሪላንዱን ፎቶ ማግኘት ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ከኮሌጅ ፓርክ አለፍ ብሎ፣ ማራገቢያ የሚመስል ሜዳ፣ ከጀርባው ቀጭን የዛፍ መስመር። ዛሬ የአጥርና የግቢ ድንጋይ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ለወንድሜ ደወልኩለት። "እመጣለሁ፣ ግን ፎቶውን እንዳታሳያት" አለኝ። አላሳየኋትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም በእሱ መኪና ሄድን። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። ኮሌጅ ፓርክን ስናልፍ መናገር ጀመረች።

"መንገዱ ይታጠፋል። ከዚያ በስተቀኝ ትገባለህ። ትንሽ ዳገት አለ።"

መንገዱ ታጠፈ። በስተቀኝ ገባን። ዳገት ነበር። ወንድሜ በመስታወት አየኝ።

የቦታው ባለቤት ሽበታም አሜሪካዊ ነው። ለምን እንደመጣን ስነግረው ኮፍያውን ከፍ አድርጎ እናቴን አያት። "መሬቱን ስገዛ ሲኒማ ነበር ብለውኛል" አለ። "እዚህ ሠርቻለሁ ብሎ የመጣ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።" ክንዱን ሰጣትና በድንጋይ ክምሮቹ መሀል አሳልፎ ወደ ኋላ ወሰደን።

ከኋላ የተከረከመ ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ አለ። ወንድሜ ከፊታችን እየሄደ ሳለ እግሩን አደናቀፈውና ሊወድቅ ነበር። ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ። መሬቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ግማሽ ክብ እየሠራ፣ ረድፍ በረድፍ እስከ ዛፎቹ ይሄዳል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ጉብታው ነዋ" አለች እናቴ። "ዝናብ ሲዘንብ መሀሉ ውሃ ይቋጥር ነበር። ጅረቱ ከዚያ ዛፍ ጀርባ ነው። ፈንዲሻ ቤቱ ደግሞ እዚያ ጋ፣ ሐረጉ የወረረው ቦታ። ወለሉ ቀይ ሸክላ ነበር።"

ወንድሜ ወደ ሐረጉ ሄደ። መጀመሪያ በጫማው፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይነቅል ጀመር። እኔም አገዝኩት። ከሐረጉ ሥር የበሰበሰ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር ጥቁር አፈር አለ። አፈሩን በጃኬቱ እጅጌ ሲጠርገው ከሥር የተሰነጣጠቀ ሸክላ ወጣ። ምራቁን እንትፍ ብሎበት ደግሞ ጠረገው። ቀይ ነው።

"እማዬ" አለ።

"ቀይ ነው አላልኩም?" አለች። ከዚያ ደግሞ "ተነሥ በል፣ ሱሪህን ጨረስከው።"

እልል አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ ባለቤትየው ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ፣ እናቴ እየሳቀች በእጇ አፏን ያዘች። ወንድሜ ተነሥቶ አቀፋት፤ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፊቱ እንባ ሆኖ።

ስለ አረጋውያን ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሣም። ለዶክተሩም ራሱ ደውሎ ነገረው። ምድጃዋ ላይ፣ ስትረሳው በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ገጠመላት፤ ድስትማ እኔም እረሳለሁ። እስከ አሁን ብቻዋን ትኖራለች፣ ደህናም ናት።

ያን ዕለት ግን እናቴ ገና መሄድ አልፈለገችም። "መኪና መንዳት የተማርኩት እዚህ ነው" አለች። "ቀን ቀን ሜዳው ባዶ ስለሆነ አለቃዬ በራሱ መኪና ያስተምረኝ ነበር። ጉብታ ላይ ማቆም የቻለ የትም ያቆማል ይለኝ ነበር።"

ወንድሜ ወደ ባለቤትየው ዞረ፤ ሰውየው ሣሩን አይቶ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና "ደረቅ ነው፣ ትግባ" አለ። ወንድሜ ቁልፉን ሰጣት። የመንጃ ፈቃዷ ጊዜ አላለፈም፤ እሱ አጠገቧ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ቀስ ብላ በሜዳው ላይ ነድታ፣ አንዱን ጉብታ አልፋ፣ ሁለተኛው ላይ የፊት ጎማውን አውጥታ ቆመች። አፍንጫችን ወደ ሰማይ ቀና አለ። ስክሪኑ በነበረበት በኩል የዛፎቹ ጫፍና ደመና ብቻ ይታያል።

"አባታችሁ" አለች መሪውን እንደያዘች፣ "ያፍርበት ነበር አልኩ እንጂ፣ ሊወስደኝ ሳይመጣ የቀረበት ማታ የለም። ትኬት ላለመግዛት ከአጥሩ ውጭ ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ፊልሙን ያለ ድምፅ ያያል። ከዚያ አውቶቡስ ላይ 'ያቺ ሴትዮ ምን አለችው? እሱስ ምን መለሰላት?' እያለ ቤት እስክንደርስ ያደርቀኛል። የሚበላው ደግሞ የእኔኑ ፈንዲሻ!"

"አባዬ?" አለ ወንድሜ። "የእኛ አባዬ?"

"እሱ ራሱ። ግማሹን የፊልም ወሬ እኔ እየፈጠርኩ ነው የምነግረው፤ እንግሊዝኛው የት ገብቶኝ!"

ባለቤትየው ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ፣ አትቸኩሉ እንደ ማለት ምልክት ሰጠን። ወንድሜ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተደገፈና "በይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪን" አላት። እናቴ ሞተሩን አጠፋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጀመረች።