የቄሰ ገበዙ ፎቶዎች

ቄሰ ገበዝ ወልደ ዮሐንስ የደብራችንን የዕቃ ቤት ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በአንገታቸው አንጠልጥለው ኖረዋል። ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር የመጡት በልጅነታቸው ዜማ ሊማሩ ነው። ወሬ አይወዱም፤ ዕቃ ሲያስቀምጡ ግን ሁለት ጊዜ ያያሉ። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማርኩ፣ ስጠየቅም ሳልጠየቅም የማወራ ሰው ነኝ። ያዋረድኳቸውም እኔው ነኝ።

ዘንድሮ የዕቃ ቤቱ ጣራ ሊታደስ ሲል ንዋየ ቅድሳቱን ሁሉ ፎቶ እንዲያነሡ ታዘዙ። ከዚያ «አንድ ነገር ነካሁና ሁሉም ጠፋብኝ» ብለው የካሜራውን ካርድ ባዶውን መለሱ። የደብሩ ኮሚቴ ሰንፈው ሳያነሡ ቀርተው ነው ብሎ ጠረጠረ። ካርዱም ወደ እኔ መጣ።

የጠፋ ፎቶ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፌ ነበር። ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው ፎቶዎች ሞክሬው አሳምሮ ሠርቶልኛል። ካርዱ ላይ ሳስኬደው ግን የተገኘው ዜሮ ነው አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ተሰብስቦ ሲበላ ተነሥቼ «ይህ ካርድ ፎቶ ገብቶበት አያውቅም» አልኩ። እንዴት እንዳወቅሁ የጠየቀኝ የለም። ቄሰ ገበዙ «አንሥቻለሁ» ብቻ አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ገበታው ላይ አስቀመጡት።

ከሁለት ወር በኋላ የእህቴን የናዝራዊትን የምረቃ ፎቶዎች በስሕተት ከስልኬ ካርድ አጠፋሁ። ፕሮግራሜን አስኬድኩ፤ አሁንም ዜሮ። እነዚህን እኮ ያነሣኋቸው ራሴ ነኝ! ኮዱን መስመር በመስመር ማየት ጀመርኩ። የፎቶ ፋይል መጀመሪያው የሚታወቀው በአራት ባይቶች፣ ማለት በአራት ትንንሽ ቁጥሮች ነው፤ አራተኛው ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። እኔ ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው ላይ ያየሁትን አንዱን ዓይነት ብቻ ፈቅጄ፣ ካሜራና ስልክ የሚጽፉትን ሌላውን እያለፍኩት ኖሬያለሁ። ያቺን መስመር አስተካክዬ፣ አስቀርቼው የነበረውን የቄሰ ገበዙን ካርድ ግልባጭ ፈተሽኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ወጣ። ጽዋው፣ መስቀሉ፣ ድባቡ፣ መጻሕፍቱ ገጽ በገጽ፤ አንዳንዱ ላይ አውራ ጣታቸው ገብቷል። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ አገኘኋቸው። እዚያም ፈሪ ነበርኩ፤ በሹክሹክታ «አባ፣ ፎቶዎቹ ተገኙ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«ሸጋ። ምነው ታዲያ በጆሮዬ ትነግረኛለህ? ያን ጊዜ የተናገርኸው በሰንበቴው ፊት ነበር።»

እጄን ይዘው ወደ ሰንበቴው አስገቡኝ። ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ፎቶዎቹንም በላፕቶፔ አሳየሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አያ በላቸው ተነሥተው «ይቅር ይበሉን አባ» እያሉ ቁልፉን ዘረጉላቸው።

ቄሰ ገበዙ እጃቸውን አላነሡም።

«ያን ጊዜ ማሽኑ የለም ቢል ዋሸ አላችሁኝ። ዛሬ ማሽኑ አለ ቢል አመናችሁኝ። የእኔስ ቃል? በሠላሳ ዓመት መቼ ዋሽቻችሁ አውቃለሁ?»

አያ በላቸው ቁልፉን እንደ ዘረጉ ቆሙ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ።