ፈንታሁንና የዋንዛው ፍሬም ዋጋ

ፈንታሁንን ዋጋ መጥራት ያሳፍረዋል። እንጨት ሲልግ፣ ጥግን ከጥግ ሲያጋጥም፣ በጠርዙ ላይ ሐረግ ሲቀርጽ እጁ አያመነታም፤ «ስንት ነው?» ያሉት እንደሆነ ግን አንገቱን ይደፋል። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ያህል ከእንጨት ጋር ኖሯል፤ መጀመሪያ ከአናጺ አጎቱ ጋር በርና አልጋ ሲሠራ፣ ኋላም ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ለፎቶና ለሥዕል ፍሬም ሲያበጅ።

ድሮ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው «እርስዎ የመሰለዎትን» ይል ነበር። ለደንበኛው የሚመስለው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ነው። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ተብሎ ተመርቆ ቤቱ ሲገባ፣ ባለቤቱ ወርቅነሽ «እስቲ ጨዋነትህን በየትኛው ድስት ልጣደው?» ትለዋለች።

ከዚህ ጣጣ ያወጣችው ነስሪን ናት። ነስሪን ከሱቁ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነ ወጣት ናት። አምና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በርካሽ አገኘችለትና የዋጋ ሠንጠረዥ ሠራችለት። የፍሬሙን ዓይነት ይመርጣል፣ ቁመቱንና ወርዱን ያስገባል፤ ኮምፒዩተሩ የእንጨቱን፣ የመስታወቱንና የጀርባውን ኮምፔንሳቶ አስልቶ፣ ትርፉን ጨምሮ ዋጋውን ያወጣል። ከፈንታሁን የሚጠበቀው ስክሪኑን ወደ ደንበኛው ማዞር ብቻ ሆነ። «ምን ላድርግ፣ እሱ ነው ያለው» ይላል። ከኮምፒዩተር ጋር የሚከራከር ሰው የለም።

ዓመቱ ደስ የሚል ነበር። የተመራቂ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ ከሙስሊም ቤቶችም አምሮ የተጻፈ የቁርኣን አንቀጽ ይመጣለታል። በተለይ ከዋንዛ የሚቀርጸው ባለ ሐረግ ፍሬም ስሙ ወጥቶ ከገሳይም፣ ከጉና ተራራ ሥርም ይፈልጉት ጀመር። አንዱ ፍሬም ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ሁለቱንም ቀን እያፏጨ ነው የሚውለው።

ችግሩ የታየው በግንቦት ነው። የዋንዛ ሳንቃው አለቀ፤ ሌላ ሊገዛ ኪሱን ቢዳስስ ሳንቃው ከተገዛ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ያን ሁሉ ወር ሠርቶ የተገኘው ከተነሣበት ቦታ ነው። ወርቅነሽ ነገሩን በአጭር ቆረጠችው።

«ይኸ የዋንዛ ነገርህ ይብቃ። ከሰኔ ጀምሮ ፕላስቲኩን ብቻ ሽጥ።»

የፕላስቲኩ ፍሬም ከባሕር ዳር በዘንግ በዘንግ የሚመጣ ነው፤ ቆርጦ ከማጣበቅ በቀር ሥራ የለውም። ፈንታሁን ቀኑን ሙሉ ፕላስቲክ እየቆረጠ ሲኖር ታየው። ላፕቶፑን ታቅፎ ነስሪን ዘንድ ሄደ።

«ይኸ ነገር ታሟል» አላት።

ነስሪን ሠንጠረዡን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ ቆየችና ድንገት ቆመች። የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ጀመር።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ በዋንዛው መስመር ላይ የትርፉ ሳጥን ባዶ ነው። ቀመርም የለው፣ ቁጥርም የለው። ፕላስቲኩ ሁሉ ሠላሳ በመቶ ተቀምጦለታል፤ ዋንዛው ላይ ሲደርስ ግን እንጨቱን፣ መስታወቱንና ኮምፔንሳቶውን ደምሮ ዝም!»

«ታዲያ የእጄን ማን በላው?»

«እርስዎ ነዎት! ያን ጊዜ ‹ለእጅዎ ስንት ላስገባ?› ብዬ ስጠይቅዎት ምን አሉኝ?»

ፈንታሁን ትዝ አለው። «ተይው እሱን፣ እግዜር ያውቃል» ነበር ያላት። በፕላስቲኩ ላይ ትርፍ መጨመር አላሳፈረውም፤ ፋብሪካ የሠራው ነው። የራሱን እጅ ግን «ይህን ያህል ያወጣል» ማለት ራስን ማሞገስ ሆኖ ታይቶት ነበር።

«እኔ ደግሞ አስበው ይነግሩኛል ብዬ ባዶ ተውኩት» አለች ነስሪን። «በዚያው ቀሩ።»

«እኔማ ኮምፒዩተሩ ያውቃል ብዬ።»

«ወላሂ፣ ያልነገሩትን አያውቅም። በሉ አሁን ይንገሩኝ። ስንት?»

ፈንታሁን በሩን አየ። ጣሪያውንም አየ።

«አንቺው ገምቺ።»

«አልገምትም። ባለፈው ጉድጓድ የቆፈረልዎት ሰውዬ በቀን ስንት ወሰደ?»

«አምስት መቶ።»

«ሲቀበልዎት አፈረ?»

«ምን ያሳፍረዋል፣ ላቡ አይደለም እንዴ?»

ነስሪን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«አምስት መቶ» አለ በመጨረሻ፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው። «በቀን።»

«የሁለት ቀን ሺህ ብር። ትልቁ ሦስት ቀን ከፈጀ ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል።» ቀመሩን ጻፈችና እስከ ዋንዛው መስመር መጨረሻ ድረስ ጎትታ ሞላችው። ከዚያ የአንድ መካከለኛ ፍሬም ልክ አስገባች። አራት መቶ ሃያ ሲል የከረመው ሳጥን አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ አለ።

«በዚህማ ማንም አይገዛኝም» አለ ፈንታሁን።

«እስቲ መጀመሪያ ይበሉት።»

ቅዳሜ፣ በገበያው ዕለት፣ ከገሳይ አንድ ሽማግሌ መጡ። አቶ ዓለምነው ይባላሉ፤ የአንድ ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ናቸው። የማኅበሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በየወሩ ከጽዋው ጋር ከተረኛ ቤት ወደ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ወድቆ መስታወቱ ደቀቀ፣ ፍሬሙም ተፈለቀቀ። ሥዕሉን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ይዘውታል።

ፈንታሁን ሥዕሉን ተሳልሞ ለካ፤ መካከለኛው ልክ ነው። ቁጥሩን አስገባና እንደ ልማዱ ስክሪኑን አዞረላቸው።

«ምን ይላል ልጄ? እኔ እንኳን ይኸን፣ በሬዬንም ከሩቅ አልለይ።»

ቁጥሩን ያየ ፈንታሁን ብቻ ነው። አራት መቶ ሃያ ቢል የሚያውቅበት የለም፤ ሽማግሌውም መርቀውት ይሄዳሉ። ግን የወርቅነሽ ሰኔ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰ።

«አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ብር ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ለጎረቤቴ በአራት መቶ ሃያ አልሠራህለትም?»

«ሠርቼላቸዋለሁ። ተሳስቼ ነው። የእንጨቱንና የመስታወቱን ብቻ ነበር የማስከፍለው፤ የእጄን ረስቼው።»

«ሰው ጃንጥላውን ይረሳል፣ ከዘራውን ይረሳል። እጁን የሚረሳ ዛሬ ገና አየሁ!»

«እኔም ገና በዚህ ሳምንት ነው ያየሁት።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ነገር ግን የገበያ ሰው ናቸውና አልለቀቁትም።

«በል፣ ለጊዮርጊስ ነው፤ ሰባት መቶ አድርገው።»

«ሥዕሉማ ዋጋ የለውም አባባ። ዋጋው የፍሬሙ ነው።» ፈንታሁን የገዛ ድምፁ ገረመው።

«ስምንት መቶ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ነው የምቀርጸው።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አንዱን አወረዱ። ሐረጉን በጣታቸው ተከተሉት፤ ጥጉን ይዘው ገፋ አደረጉት። አልተነቃነቀም።

«እውነቱን ልንገርህ» አሉ። «ማኅበርተኛው ‹በአራት መቶ ብር የተሠራ ምን ይበረክታል፣ ሄደህ አይተህ ና› ብሎ ነው የላከኝ። ርካሽነቱ ነው ያስፈራን። እንግዲህ ካልቀነስህ አንድ ነገር ጨምርልኝ።»

«ምን?»

«መያዣ። በጭቃ መንገድ ሥዕል ያቀፈ ሰው የሚረግጠውን አያይም፤ የጣልነውም ለዚህ ነው።»

ፈንታሁን አሰበ። እስከ ዛሬ የሠራቸው ፍሬሞች ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰቀሉ ናቸው፤ መንገድ ለሚሄድ ሥዕል ሠርቶ አያውቅም።

«በጀርባው ጠፍር አደርግለታለሁ። እንደ አገልግል በትከሻ ይነገታል፤ ሁለት እጅም ነጻ ይሆናል።»

«ይባርክህ! ተስማማን» አሉና ቀብዱን ሰጥተውት ወጡ።

ፈንታሁን ጥቂት ቆየና በጎረቤቱ በር ብቅ አለ።

«ነስሪን! አልኩት!»

«ምኑን?»

«ዋጋውን። በአፌ!»

«እና አልሞቱም?»

«እስካሁን አለሁ። ጠፍርም ጨምሬላቸዋለሁ።»

«የጠፍሩን ስንት አሉ?»

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። ነስሪን ራሷን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ በቀብዱ አዲስ የዋንዛ ሳንቃ ገዝቶ በጋሪ ሲያስመጣ፣ ወርቅነሽ ከገበያ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ደረሰች። ሳንቃውን አየችው፤ እሱንም አየችው። «የእጄንም አስከፍያለሁ» አላት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና በአንዱ ጫፍ ይዛ አስገባችለት።