ሆዱ ነጭ አልነበረም

ሌላው ሰው ፈንድሻ ሲሸተው ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም። እኔን ትዝ የሚለኝ የዓሣ አንጀት ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጆች ሲኒማ ይዣቸው ሄጄ፣ ገና ከበሩ ያ የቅቤ ሽታ ሲቀበለኝ እግሬ ቀጥ አለ። ትንሿ ቀና ብላ አይታኝ "አክስቴ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ብዬ ልንገራት? ለናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቶሮንቶ ወደብ ወደ ኦንታርዮ ሐይቅ መሐል በሚወጣ ጀልባ ላይ ከአባቴ ጋር እሳፈር ነበር። ጀልባው የወፍ ተመልካቾች ማኅበር የተከራየው ነው። ከኋላው ቆመን ፈንድሻና የተከተፈ የዓሣ አንጀት በየተራ ውኃው ላይ እንበትናለን። ያንን አይተው ሲጋሎች የሚባሉት ነጫጭ የውኃ ወፎች ይመጣሉ፤ የሲጋሎቹን ጫጫታ ተከትለው ደግሞ ነፋስ መንገድ ያሳታቸው የሩቅ ባሕር ወፎች ብቅ ይላሉ። ተሳፋሪው ያን ሁሉ ብርድ የሚችለው ለነዚያ ለኋለኞቹ ሲል ነው። ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ማክሰኞ አይለቅም። እናቴ ጃኬታችንን ባልኮኒ ላይ ነበር የምታሳድረው።

አባቴ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ወጣትነቱን በምፅዋና በዳህላክ ደሴቶች መካከል መርከብ ላይ ጨርሶ፣ ሁሉም ነገር ሲፈርስ በየመን በኩል ወጥቶ እዚህ ደረሰ። በሥራ ቀን ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነበር። ዓይኑ ለጉድ ነው፤ የማኅበሩ የጉዞ መሪዎች በባይኖኩላር የሚያስሱትን ወፍ እሱ በባዶ ዓይኑ ቀድሟቸው ያየዋል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አየላቸው። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ማይክ የሚይዙት ግን እነሱ ነበሩ፤ እሱ "ረዳት" ነው። "እንግሊዝኛው ትንሽ ይቀረዋል" ይሉኝ ነበር ለኔ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ።

ዋናው መሪ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ፊቱ በነፋስ የቀላ ሰው። ክፉ ነበር ብዬ ብነግራችሁ በቀለለኝ፤ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጉልበቱ ታሞ፣ ለሚቀጥለው መጸው አንድ አዲስ መሪ እንደሚመረጥ ነገረንና አባቴን ትከሻውን ይዞ "እኔ የማስበው አንተን ነው" አለው። ቤት እንደደረስን አባቴ እናቴን፣ ሰደርያ የሚለበሰው ከጃኬት በላይ ነው ወይስ ከጃኬት በታች ብሎ ሲጠይቃት ሰምቼ በጣም ሳቅኩ። አሁን አያስቀኝም።

ጀልባው ላይ አንድ ሕግ አለ። ወፍ ያየ ሰው ይጣራል፤ በጣቱም ያመለክታል፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው "አየሁት" እስኪለው ድረስ ጣቱን አያወርድም። ውኃ ላይ ምልክት የሚሆን ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ጣቱ ከወረደ ወፉም ጠፋ ማለት ነው።

ያን ቅዳሜ ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ ውኃው ግራጫ፣ ሰማዩም ግራጫ። አንድ ጥቁር ወፍ ሲጋሎችን እያሳደደ ዓሣቸውን ሲቀማ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተሰብስቧል። ዋናው መሪም ማይኩን ይዞ እዚያው ነው። በግራ በኩል የነበረው አባቴ ብቻ። ከጎኑ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን በርዶኝ ታች ካቢኑ ውስጥ ገብቼ ለአንድ ልጅ ቴክስት እጽፋለሁ። ያ ልጅ መልኩ እንኳ ዛሬ በደንብ አይመጣልኝም።

"ነይ፣ ነይ ቶሎ" የሚል የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። እየተደናቀፍኩ ወጣሁ። ጣቱ ማዕበሉ ላይ ተተክሏል። ጣቱን ተከትዬ አየሁ፤ ውኃ ብቻ ነው። "ቡኒው ጠላቂ" አለኝ። ከሰማይ እንደ ድንጋይ ወርዶ ውኃ ውስጥ የሚገባ ትልቅ ቡናማ ወፍ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ዳህላክ ሳሉ እሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ መሪዎቹ "ብራውን ቡቢ" ይሉታል። የሞቃት ባሕር ወፍ ነው። ቶሮንቶ አጠገብ አየሁት ብሎ የሚያወራ ሰው ጤንነቱ ይጠረጠራል።

"ያውና፣ ከማዕበሉ በላይ። አየሽው አይደል?" አለኝ። አባቴ ፊቱ እንዲህ ሲበራ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም።

"አዎ፣ አየሁት" አልኩት።

ጣቱን አወረደ።

ሌሎቹ ሲደርሱ ወፉ የለም። ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ዞረ፤ ምንም። ወደብ ስንገባ ዋናው መሪ፣ እንዲህ ያለውን ብርቅ ወፍ አንድ ሰው ብቻ አይቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ እንደነበር፣ ሁለት መሆናችን ደግ እንደሆነ ነገረንና ሁለት ቅጽ አወጣ። ወጋቸው ነው። ምስክሮች ሳይነጋገሩ፣ ለየብቻ ተቀምጠው፣ ያዩትን ይጽፋሉ። አባቴ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ በዝግታ መጻፍ ጀመረ። እኔ ዋሽሩም ደርሼ ልምጣ ብዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ የወፍ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገጹ ላይ በትልቁ የተሳለው ያደገው ወፍ ነበር፤ ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ቢጫ። ከሥሩ ሌላ ትንሽ ሥዕልም ነበረ። ቸኩዬ ስለነበር አላየሁትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በዚያ ምንም በማይቀረው እንግሊዝኛዬ አሳምሬ ጻፍኩት። ነጩ ሆድ፣ ቢጫው እግር፣ አንድም ሳይቀር።

በሳምንቱ ዋናው መሪ ወደብ ጠራን። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለአባቴ እንድነግርለት ለኔ ተናገረ። የአባቴ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሁለመናው ቡኒ ነው ይላል፤ ሆዱም ቡኒ፣ ገና ወጣት ወፍ። የኔው ነጭ ይላል። "እነዚህ ስለ ሁለት የተለያዩ ወፎች ነው የሚያወሩት" አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በርኅራኄ፣ "አንዳንዴ ሰው የናፈቀውን ያያል። አገሩ ትዝ ብሎት ይሆናል፤ ይገባኛል" አለኝ።

ተረጎምኩ። የናፍቆቷን ግን ዘለልኳት። አባቴ ሰምቷል። አባቴ ምፅዋን አይናፍቅም፤ ጓደኞቹ ያለቁባት ከተማ ናት፤ ስሟ ሲነሳ ከክፍሉ የሚወጣ ሰው ነው። ያየውን ነው የተናገረው። ያንን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ሰደርያው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ክሬሰንት ታውን ስንመለስ፣ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ፣ ፊት ለፊቱን እያየ "ሆዱ ነጭ ነው ብለሽ ጻፍሽ?" አለኝ።

የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳብኩት።

"ነጭ አልነበረም" አለና እስክንወርድ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ምናለበት? እኔ ያን ቀን ዱላ ነበር የፈለግኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠራ። ከአሥር ቀን በኋላ ከሐይቁ ማዶ፣ በአሜሪካ በኩል፣ አንድ ሰው ያንኑ ወፍ ፎቶ አነሳው። ወጣት ወፍ፣ ሆዱ ቡኒ። የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ መኪናቸውን አስነስተው ሊያዩት ተሻገሩ። ወደ ቤታችን የደወለ የለም። ወረቀታችን ተዘግቷል፤ ምስክሮቹ ያልተስማሙበት ነገር ነው። መዝገቡ ላይ ቀድሞ ያየው ተብሎ የገባው ፎቶ ያነሳው ሰው ነው።

ፎቶውን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወጥ ቤት ቆሞ የሥራ ጫማውን ቀለም ይቀባል። እያለቀስኩ "አባዬ፣ አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አላየሁም፣ ከመጽሐፍ ገልብጬ ነው እላቸዋለሁ" አልኩት። የመጀመሪያ ኑዛዜዬ ነበር። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ብሩሹን አነሳ።

"ተይው" አለኝ።

"ለምን?"

"'ልጁ ውሸታም ናት' ከሚሉኝ፣ 'ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል' ይበሉኝ።"

ተውኩት። እሱን ታዝዤ ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን እፎይ ብዬ ነው የተውኩት። እዚያ ወደብ ቆሜ "ዋሽቻለሁ" ማለት ስለቀረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጀልባው ላይ አልወጣም። ባይኖኩላሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ጓንቶቹ ጋር አስቀመጠው።

ዛሬ ሰደርያውን የምለብሰው እኔ ነኝ። አዎ፣ ማይኩንም። እንግሊዝኛዬ አይቀረውማ። ለምን ተመለስሽ ብትሉኝ በቂ መልስ የለኝም፤ ምናልባት ያንን ውኃ እንደገና ለማየት፣ ምናልባት ደግሞ ራሴን ለመቅጣት። አባቴ ግን በግላኮማ ዓይኑ ጠፍቷል። "ዓይኑ ደክሟል ይበሉኝ" ያለውን እግዜር ቃል በቃል ሰማው መሰለኝ። አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በስተደቡብ ባለው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ጥርት ባለ ቀን ከዚያ መስኮት ሐይቁ እንደ ክር ይታያል። እሱ ብርሃኑን ብቻ ነው የሚለየው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ በሆነበት አንድ ቅዳሜ፣ በግራ በኩል መጣ። ትልቅ፣ ረጅም ክንፍ፣ ሁለመናው ቡኒ። ተጣራሁ። ጣቴን ቀሰርኩ። አንዱ "አየሁት" አለ፣ ሌላውም፤ እኔ ግን የመጨረሻዋ አሮጊት አግኝታው "ኦ" እስክትል ድረስ ጣቴን አላወረድኩም። ክንዴ ዝሎ ነበር። ከዚያ ፎቶ አነሳሁት፤ ጥርት ያለ ፎቶ።

ልብስ ሳልቀይር፣ ዓሣና ፈንድሻ እየሸተትኩ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽታውን ሲሰማ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን ዓይኑ ፊት ያዝኩት፤ የማደርገውን አላውቅም ነበር።

"አባዬ፣ ቡኒው ጠላቂ መጣ። ዛሬ በዓይኔ አየሁት።"

ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"ሆዱስ?" አለኝ።

"ቡኒ።"

እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ። ጉልበቴን አገኘና ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገው።

"ጎበዝ" አለኝ፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ። "አሁን በትክክል ተናገርሽው።"

ይኼኛውን በእውነት ማየቴን ማስረዳት ፈልጌ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። የስልኩ መብራት በራሱ ሲጠፋ ወደ ኪሴ መለስኩት።