ጋቢና ያነበብኩት መጽሐፍ

ሴራና ሩጫ ያለበት ልብ ወለድ እጄ ከገባ ቤት ቢቃጠል አልነሳም። ሰሞኑን ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ ስሄድ ሚኒባሱ ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ሰላዮች የሚያሳድዷት ልጅ የሰረቀችውን ሻንጣ ልትከፍት ነው። ቀና ስል ሹፌሩ ወደ እኔ አፍጥጧል። ቀሚሴን ጎተት አደረግኩ። ትንሽ ቆይቼ ባየው፣ አሁንም እንዳፈጠጠ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሰውን ሁሉ ያስጠረጥራል። ጉብሬ ስንደርስ ወርጄ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሹፌሩ ነው፤ መኪናውን ከነተሳፋሪው ጥሎ መጥቷል።

«እህቴ» አለኝ እያለከለከ፣ «ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር? ኩርባው ላይ አንብቤ ሳልጨርስ ገጹን ገለበጥሽብኝ እኮ!»